የዓሣን ጾታ በመድኃኒት መለወጥ ይገባልን?

ሰው በምድር እንስሳት፣ በሰማይ አዕዋፍና በባሕር ዓሦች ላይ እንዲሠለጥን መሾሙን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ሹመቱ እስከ ምን ይደርሳል፣ ወሰኑስ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሹም ሁሉ ስለ ተሾመበት ነገር የሚጠየቅበት ቀን እንዳለው፣ ሰውም በእጁ ስለ ተሰጡት ፍጥረታት የሚጠየቅበት ቀን አለው። ስለዚህ አዲስ ጥበብ በመጣ ጊዜ ሁሉ «ይቻላልን?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ይገባልን?» ብሎ መጠየቅ የመምህራንም የምእመናንም ግዴታ ነው።

ዛሬ የምንመረምረው ነገር በመጀመሪያ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም ዓሣ አርቢዎች ገና ወንድነቱና ሴትነቱ በአካሉ ላልተገለጠ የዓሣ ጫጩት ከምግቡ ጋር መድኃኒት እየሰጡ ሁሉን ወንድ የሚያደርጉበት ሥራ ነው። «የዓሣ ወንድና ሴት ለነፍሳችን ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ሆኖም ትልቁ የሕሊና ጥያቄ ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ ይመጣልና እስከ መጨረሻው እንዲከተለን እንለምነዋለን።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ቆቦና የራያ ቆላ በሁለት ሐይቆች መካከል ይገኛሉ፤ በሰሜን በኩል ከኮረም ወዲያ ሐሸንጌ፣ በደቡብ በኩል ደግሞ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት የሐይቅ ባሕር አለ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ዛሬ በዚያ በሐይቅ የአጥማጆች ዋና ሲሳይ ነው፤ ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ አይደለም። በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰዎች አምጥተው የጨመሩት ነው። እንግዲህ ከገዳሙ ደጅ አጠገብ ያለው ውኃ እንኳ የሰው እጅ የነካው ሆኖ ኖሯል።

የራያም ሜዳ እንዲሁ በሰው እጅ እየተለወጠ ነው። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ፣ ከሆርማትና ከጎሊና ውኃ እየመራ ማሽላውንና ጤፉን ሲያጠጣ ኖረ። በእኛ ዘመን ደግሞ በቆቦና በጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከጥልቅ ጉድጓድ እየወጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማበታል። ውኃ ባለበት፣ ሙቀትም ባለበት ቆላ የዓሣ ኩሬ ልቆፍር የሚል ገበሬ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ቆሮሶ ሙቅ ውኃ ይወዳልና። የግብርና ባለሙያዎችም ይህን ይመክራሉ። በሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማእከል ጫጩት እያራባ ለሌሎች ውኆች ሲያድል ቆይቷል፤ በባሕር ዳርም እንዲህ ያለ የምርምር ማእከል አለ። ገበሬው ጫጩት ሊገዛ በሄደ ጊዜ «ሁሉም ወንድ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥመው ምን ብሎ ይጠይቅ? የንስሐ አባቱንስ ቢያማክር ምን ይመለስለት?

ለመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። ሆርሞን የሚባለው በሰውና በእንስሳ አካል ውስጥ ከዕጢዎች እየመነጨ ከደም ጋር የሚዘዋወር፣ አካል እንዲያድግ፣ ወንዱም የወንድ ሴቲቱም የሴት መልክ እንዲይዙ የሚያዝዝ ረቂቅ ነገር ነው። የቆሮሶ ጫጩት ከእንቁላል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጾታው በዘሩ የተወሰነ ቢሆንም በአካሉ ገና አልተፈጸመም። በዚህ ጊዜ ሜቲልቴስቶስትሮን የሚባል፣ በሰው ጥበብ የተሠራ የወንድ ሆርሞን በአልኮል ሟሙቶ ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ቢሰጠው፣ በዘሯ ሴት የነበረችው ጫጩት በአካሏ ወንድ ሆና ታድጋለች። የተለመደው መጠን በ1 ኪሎ ግራም ምግብ 60 ሚሊ ግራም ነው፤ የሚሰጥበትም ጊዜ ከ21 እስከ 28 ቀን ነው። ሥራው በሚገባ ሲፈጸም ከ100 ጫጩት 95ና ከዚያ በላይ ወንድ ይሆናል።

አርቢው ይህን የሚያደርግበት ምክንያት አለው። ሴቲቱ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ በዚያም ወራት ስለማትመገብ እድገቷ ይዘገያል። ደግሞ ገና በጥቂት ወራት ዕድሜዋ መራባት ትጀምራለች። ኩሬው በጫጩት ይሞላል፤ ምግቡ ለሁሉ አይዳረስም፤ ገበሬውም በመከር ጊዜ ጣት የሚያካክሉ ብዙ ዓሦች እንጂ ለማዕድ የሚበቃ አያገኝም። ወንዶች ብቻ የሆኑ እንደ ሆነ ግን ሁሉም ፈጥነው ያድጋሉ። እንግዲህ የዚህ ሥራ ምክንያት ምግብ ነው።

ሌላ ምክንያት ያላቸው አርቢዎችም አሉ፤ እነዚህም ዓሣን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለጌጥ የሚያሳድጉና የሚሸጡ ናቸው። ይህ ንግድ በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ እጅግ የሰፋ ነው፤ በአዲስ አበባም ቤታቸውንና አዳራሻቸውን በዓሣ ገንዳ የሚያስጌጡ አሉ። የዓሣ ጾታ በሆርሞን እንደሚለወጥ በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያማሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሊቅ በግልጥ ያሳየውም ሜዳካ በምትባል፣ ለጌጥ በምትረባ ትንሽ ዓሣ ነበር። ከጌጥ ዓሦች አንዷን ጋፒ የምትባለውን ብንመለከት፣ ወንዱ ቀለሙ ልዩ ልዩ፣ ጅራቱም እንደ መጎናጸፊያ የሰፋ ነው፤ ሴቲቱ ግን በአካል ብትበልጠውም መልኳ ደብዛዛ ነው። ገዢ የሚፈልገው ወንዱን ስለሆነ አንዳንድ አርቢዎች ለጫጩቶቹ፣ አንዳንዶችም ለአደጉት ሴቶች ሆርሞን ይሰጣሉ። ሴቲቱም የወንዱን ቀለም ትለብሳለች። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቀለሙ ሊደበዝዝ ይችላል፤ እንዲህ የተደረገ ዓሣ መካን ሆኖ የሚቀርበትም ጊዜ ብዙ ነው። ገዢው ግን ይህን ሁሉ ሳያውቅ፣ ውበቱን አይቶ ወይም ለዘር ይሆነኛል ብሎ ዋጋውን ከፍሎ ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ፍርዱ እንግባ። በዚህ ነገር ሁለት ተቃራኒ አሳቦች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው አሳብ «ወንድና ሴት አድርጎ የፈጠረ እርሱ ነው፤ ፈጣሪ የወሰነውን ጾታ መለወጥ ፈጣሪን መቃወም ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ፈሪሃ እግዚአብሔር ስላላቸው እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን አሳባቸው ከራሳቸው ደጅ ሲደርስ ይሰናከላል። የራያ ገበሬ ማሽላ የሚዘራበትን ማሳ የሚያርሰው በኮርማ አይደለም፤ በተኮላሸ በሬ ነው እንጂ። ለፋሲካ የሚታረደው ሙክትም ተኮላሽቶ የሰባ ነው። ቀሳውስቶቻችን አገር ለአገር ሲዞሩ የተቀመጡባት በቅሎ ከአህያና ከፈረስ ተዳቅላ የተገኘች፣ ራሷ የማትወልድ እንስሳ ናት። ኦሪት ልዩ ልዩ የእንስሳ ዘር ማዳቀልን ብትከለክልም ንጉሥ ዳዊት በቅሎ ነበረችው፤ ሰሎሞንም በነገሠበት ቀን በአባቱ በቅሎ ተቀምጦ ወደ ግዮን ወረደ። በሀገራችንም ላሞች በአንድ ወራት ለዘር እንዲደርሱ የሆርሞን መርፌ መስጠት በ2003 ዓ.ም. በትግራይና በደቡብ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክፍሎች ተስፋፍቷል። በሬን ማኮላሸት ኃጢአት ካልሆነ፣ የዓሣን ጾታ መለወጥ ለውጥ ስለ ሆነ ብቻ ኃጢአት ነው ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው አሳብ ደግሞ «እንስሳ ነፍሱ ከደሙ ጋር ያልፋል፤ ስለዚህ ሰው የወደደውን ቢያደርግበት ምን አለበት?» የሚል ነው። ይህ ከፊተኛው ይልቅ የከፋ ነው። ለበሬና ለአህያ በሰንበት ዕረፍት ያዘዘ፣ የሚያበራየውም በሬ አፉ እንዳይታሰር የደነገገ ሕግ አለን። በአውድማው ላይ በሬው እህሉን ቀምሶ ሲያልፍ የማይቈጣው ገበሬ ይህን ሕግ ከመጽሐፍ ባያነብበውም በሕሊናው ያውቀዋል። እንስሳ ለሰው ተሰጠ ማለት በአደራ ተሰጠ ማለት ነው፤ አደራ ተቀባይም ባለቤት የለውም ብሎ እንዳሻው ሊያደርግ አይችልም።

ሁለቱን አሳቦች ካለፍን ወሰኑን የት እናገኘዋለን? እኛ እንደሚመስለን ወሰኑ በበሬው ላይ ተጽፎ ይገኛል። በሬ የሚኮላሸው በገሃድ ነው። ጎረቤት ያያል፤ በገበያም ያቆመውን ሰው ዐይቶ ወይም ዳስሶ «ይህ በሬ ነው፤ ኮርማ አይደለም» ይላል። የተኮላሸውን በሬ ኮርማ ነው ብሎ ለላሞቹ የሚገዛ ሞኝ የለም፤ በቅሎንም ትወልድልኛለች ብሎ የሚገዛ የለም። ሥራው ራሱ ስለ ራሱ ይመሰክራል። በሆርሞን የተለወጠው ዓሣ ግን ዝም ይላል። በዘሯ ሴት የነበረችው በአካሏ ወንድ ሆና ስትዋኝ፣ የራያ ሽማግሌም ቢሆን የባሕር አጥማጅም ቢሆን በዐይኑ አይቶ አይለያትም። የድሮው ጥበብ ምስክሩን ከራሱ ጋር ይዞ ይሄድ ነበር፤ የአሁኑ ጥበብ ምስክር የለውም። ስለዚህ ዐይን በማያየው ሥራ ምላስ ሊመሰክር ይገባዋል። ቀድሞ ዝም ማለት ውሸት ያልነበረበት ሥራ ዛሬ ዝም ማለት ውሸት የሚሆንበት ሆኗል።

በዚህ ሚዛን ሁለቱን አርቢዎች ብንመዝናቸው ልዩነታቸው ይታያል። ለምግብ የሚያሳድገው አርቢ የሚሸጠው ሥጋ ነው። የዓሣው ወንድነት ለእርሱ መንገድ እንጂ ሸቀጥ አይደለም፤ ገዢውም በሚዛን የሚቀበለው ያንኑ ሥጋ ነው። መድኃኒቱ የሚሰጠው ጫጩቱ የስንዴ ቅንጣት በሚያህልበት በመጀመሪያው ወር ብቻ ነው፤ ዓሣው ለማዕድ የሚደርሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ መድኃኒቱም ከተቋረጠ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከአካሉ ይወጣል። ይህም ሆኖ ሳለ «እንዲህ አድርጌ አሳደግሁት» ብሎ ለሚጠይቀው ሁሉ መንገር አለበት፤ እውነቱን ከመንገር የሚጐድልበት ገንዘብ ቢኖር የእርሱ ገንዘብ ያልነበረ ነው።

ለጌጥ የሚሸጠው ግን የሚሸጠው ቀለሙን ነው። ዋጋው የተከፈለው ለቀለሙ ሆኖ ሳለ ቀለሙ ከመድኃኒት የተበደረ ከሆነ፣ ሐሰቱ በሸቀጡ ልብ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በቅቤ ላይ ሙዝ፣ በማር ላይ ስኳር ከሚቀላቅለው ነጋዴ በምን ይለያል? ያ ቀላቅሎ እንደሚያሳስት ይህም ቀብቶ ያሳስታል። መካኑንም ዓሣ ለዘር ብሎ መሸጥ የተኮላሸውን በሬ ኮርማ ብሎ ከመሸጥ አይለይም፤ ልዩነቱ በሬው ሻጩን ሲያጋልጠው ዓሣው አያጋልጠውም፤ ይህም የሻጩን ኃጢአት ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

ይህን ስንል ውበትን እንነቅፋለን ማለት አይደለም። የብራና መጻሕፍቶቻችን በቀይና በጥቁር ቀለም፣ በሐረግና በሥዕል ያጌጡ ናቸው፤ ብራናውም የፍየልና የበግ ቆዳ ነው። እንስሳ ለውበት ማገልገሉ ካልተነቀፈ፣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣ አይቶ ፈጣሪን ማድነቅም አይነቀፍም። ነገር ግን ጠቢብ ጸሐፊ ቀለሙ እንዳይለቅ እንደሚጠነቀቅ፣ የሚለቅ ቀለም እንደማይለቅ አስመስሎ መሸጥ የውበትን ስም ማጥፋት ነው። ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር፤ ለረሃብ የሚደረግና ለዐይን የሚደረግ በፍርድ እኩል አይደሉም። በእንስሳ አካል ላይ ከባድ ለውጥ ለማድረግ የሚያስገድደው ምክንያት ከባድ መሆን አለበት። ራብተኛን ማብላት ከባድ ምክንያት ነው፤ ሳሎንን ማሳመር ቀላል ምክንያት ነው።

ከምስክርነት ቀጥሎ የሚመረመረው መድኃኒቱ ከተደረገበት ስፍራ አለመውጣቱ ነው። ጫጩቱ ያልበላው ምግብ በኩሬው ውስጥ ይቀራል፤ ሆርሞኑም በውኃውና በደለሉ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ እንደሚችል ተመራምረው ያረጋገጡ አሉ። የራያ ሰው ውኃ ማለት ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ከላይ ያለው ሰው ውኃውን ቢያበላሽ ከታች ያለው ልጅ፣ ላምና ግመል ይጠጡታል። የውኃ አባት ተራ ጠብቆ ውኃ የሚያከፋፍለው መጠኑን ብቻ ሳይሆን ደግነቱንም ለመጠበቅ መሆን አለበት። መድኃኒት የገባበትን የጫጩት ገንዳ ወደ መስኖ ቦይ ወይም ወደ ጎሊና መልቀቅ በማይታይ እጅ ጎረቤትን መንካት ነው። ዱቄቱን በእጃቸው የሚያቦኩትንም መርሳት አይገባም፤ ይህ የወንድ ሆርሞን ለሰውም ሆርሞን ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ልትነካው አይገባም። ጓንትና መሸፈኛ ሳይሰጥ ወጣት ቅጥረኛ የሚያሠራ ጌታ ለዓሣው የተጠነቀቀውን ያህል ለሰው አልተጠነቀቀም።

ሌሎችም መንግሥታት ነገሩን ያለ ገደብ አልተዉትም። የአውሮፓ ኅብረት በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለምግብ እንስሳት ሆርሞን መስጠትን ሲከለክል፣ የዓሣን ጾታ ለመለወጥ ግን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ብቻ፣ በተፈቀደ መድኃኒት እንዲሆን ጠባብ በር ተወ። ይህ ሕግ ሕጋችን ባይሆንም አሳቡ ያስተምረናል፤ የሚፈቀደው ነገር ጊዜውና መጠኑ ታውቆ፣ ኃላፊው ታውቆ ይፈቀዳል።

ደግሞም መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ታጋሽ ሰው ዓሦቹን ጥቂት አሳድጎ ወንዱን ከሴቷ በእጁ ሊለይ ይችላል፤ ይህ ድካም አለው፤ ስሕተትም አለው፤ ግን ሴቶቹ ሴቶች ሆነው ይቀራሉ። ሌላው በቆሮሶው ኩሬ ውስጥ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው፤ አምባዛው የሚበዙትን ጫጩቶች እየበላ ኩሬውን ያቀልለዋል፤ ገበሬውም ሁለት ዓይነት ዓሣ ያገኛል። ሊቃውንትም ልጆቹ ሁሉ ወንድ የሚሆኑለትን አባት ዓሣ በዘር ጥበብ ማግኘት ችለዋል፤ በዚህ መንገድ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለቀደሙት ወላጆች እንጂ ለሚበላው ዓሣ አይደለም። ቀላሉ መንገድ በቅርብ ሳለ ከባዱን መንገድ የሚመርጥ ሰው ምክንያቱን ለሕሊናው መንገር አለበት።

የሚቀረው አንድ ፍርሃት ነው፤ እርሱም «ዛሬ በዓሣ፣ ነገ በሰው» የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። በሰው ዘንድ ሆርሞን እንኳ ሳያስፈልግ የፅንሱን ጾታ አስቀድሞ እያዩ ሴቶቹን ማስወገድ በአንዳንድ አገሮች ተለምዶ ነበር። ህንድ በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን ምርመራ በሕግ ከለከለች። በቻይና በ2000ዎቹ ዓመታት ለ100 ሴቶች ልጆች ከ115 በላይ ወንዶች ይወለዱ ነበር፤ በተፈጥሮ ግን ከ105 አካባቢ አያልፍም። ሴት ልጅ በተወለደች ጊዜ እልልታው የሚያንስበት ቤት በእኛም አገር አለና በሌላው ብቻ አንፍረድ። ቢሆንም ወሰኑ እዚህ ላይ የጠራ ነው። በሬውን የሚያኮላሽ ገበሬ ራሱን አይሰልብም፤ በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም የመጀመሪያው ቀኖናው ወድዶ ራሱን የሰለበ ሰው በክህነት እንዳያገለግል የሚወስን ነው። አባቶች በሬውን ሲተዉ ሰውን ያልተዉት የሁለቱን ልዩነት ስላወቁ ነው። እንስሳ ለጥቅሙ ሊመረጥ ይችላል፤ ልጅ ግን ለጥቅም አይመረጥም፤ የመጣውን መቀበል ብቻ ነው።

እንግዲህ ያ የራያ ገበሬ ወደ ንስሐ አባቱ ቢመጣ እንዲህ ይባል። «ልጄ፣ ኩሬ መቆፈርህ መልካም ነው፤ ዓሣም ለቤትህ ሲሳይ ይሁንልህ። አስቀድሞ መድኃኒት የማያስፈልገውን መንገድ ሞክር። መድኃኒት የበላ ጫጩት ብትገዛ ግን ሻጩ ምን እንደ ሰጠው፣ ስንት ቀን እንደ ሰጠው እንዲነግርህ ጠይቅ፤ አንተም ለገዢህ ያንኑ ንገር። የገንዳህን ውኃ ጎረቤትህ በሚጠጣው ላይ አትልቀቅ። ነፍሰ ጡር ሚስትህን ወደዚያ ሥራ አታቅርብ። ለዘር የማይሆነውን ለዘር ብለህ አትሽጥ።» እነዚህን የጠበቀ ሰው በሬውን ካኮላሸ አባቱ የበለጠ ኃጢአት አለበት ብለን አንናገርም።

አባቶቻችን በሬ ሲሸጡ እውነቱን መናገር ብዙ አላስቸገራቸውም፤ በሬው ራሱ ይናገር ነበርና። ከእንግዲህ ወዲህ የሚመጣው ጥበብ ግን እየረቀቀ፣ ከዐይንም እየተሠወረ ይሄዳል፤ በዓሣ ብቻ ሳይሆን በእህል፣ በወተት፣ በመድኃኒትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የምእመናን ምላስ ከቀድሞው ይልቅ የታመነ ሊሆን ያስፈልጋል። ካህናትም ምእመናንን ስለ ሚዛንና ስለ ልኬት ሲያስተምሩ፣ በሚዛን የማይለካውንና በዐይን የማይታየውን ሸቀጥ ጨምረው እንዲያስተምሩ እናሳስባለን።